ስለ ቀዶ ጥገና ቁስል የምንጽፍባቸው ቃላት፤ ትችትና ሐሳብ

«ቀዶ ጥገና» የሚለው ስያሜ ለሕክምና ከተሰጡት የአማርኛ ቃላት መካከል በሚገባ የተሳካ ነው። ሁለት ግብሮችን፣ መቅደድንና መጠገንን፣ በቅደም ተከተላቸው አጣምሮ ይዟል። መቅደዱ በሰዓታት ውስጥ ያልቃል፤ መጠገኑ ግን ሕመምተኛው ወደ ቤቱ ከገባ በኋላም ሳምንታት ይፈጃል። የሕክምናው ዓለም ከቀዶ ጥገና ጋር የተያያዘ ኢንፌክሽን ይመጣ እንደሆነ የሚከታተለው በጠቅላላው እስከ 30 ቀን ነው፤ ሰው ሠራሽ አካል በሰውነት ውስጥ የተተከለባቸውን አንዳንድ ቀዶ ጥገናዎች ደግሞ እስከ 90 ቀን ይከታተላል። ከእነዚህ ቀናት ውስጥ ሕመምተኛው በሆስፒታል አልጋ ላይ የሚያሳልፋቸው ጥቂቶቹን ብቻ ነው። በቀሩት ቀናት ቁስሉን የሚያየው ቤተሰቡ ሲሆን፣ ሐኪሙም ለቤተሰቡ የሚናገረው ሲያሰናብት በሚሰጠው ወረቀት አማካይነት ነው። የምንተቸውም የዚያን ወረቀት ቃላት ነው። የሐኪሞቹን ሙያ መንካት አሳባችን አይደለም፤ ወረቀቱን ወደ አማርኛ የመለሱት ሰዎች ግን የእኛው የሙያ ባልደረቦች ስለሆኑ ጥፋቱም እርማቱም እኛን ይመለከታል።

1. ወረቀቱና እማማ

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ የካዛንቺስ ነባር ሠፈር ብዙው ክፍል በ2017 ዓ.ም. ከመነሣቱ አስቀድሞ፣ በቀዶ ጥገና የወለደች አንዲት ጎረቤታችንን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ለማለት ገብተን ነበር። ከወለደች 9ኛ ቀኗ ነው። የወለደችው ከክፍለ ከተማው ውጭ በሚገኝ አንድ የሕክምና ተቋም ሲሆን፣ ስሙን ማንሣት ለጉዳያችን አያስፈልግም። ባለቤቷ የተሰጣቸውን ወረቀት አውጥቶ አነበበልን፤ «የኢንፌክሽን ምልክት ከታየ፣ ያልተለመደ ፈሳሽ ካለ ወይም ውስብስብ ችግር ከተፈጠረ በአፋጣኝ ወደ ጤና ተቋም ይምጡ» ይላል። ከዚያም፣ «ሦስት ቀን ሆነው፤ ትንሽ ፈሳሽ ነገር አለው፣ ሌሊት ሌሊትም ይጠዘጥዛታል። ኢንፌክሽን ይሁን አይሁን ግን እኛ በምን እናውቃለን? የሚያውቀው ሐኪም ነው፤ ቀጠሮዋ ደግሞ ገና ነው» አለ።

ገንፎ ይዘው የመጡ አንዲት አረጋዊት ጎረቤት ይህን ሲሰሙ መጋረጃውን ጋርደው ቁስሉን አዩላት። ወዲያውም፣ «ልጄ፣ ይኼ እዥ አይደለም፤ መግል ነው። መርቅዟል እኮ! ተነሡ እንጂ፣ ምን ትጠብቃላችሁ?» ሲሉ ሰማናቸው። በዚያው ቀን ተወሰደች፤ ስፌቱ በከፊል ተከፍቶ ቁስሉ ታጠበ፣ መድኃኒትም ታዘዘላት፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጠገገላት።

በዚያ ቤት ውስጥ ማንበብ የሚችለው ሰው ወረቀቱን አንብቦ ሦስት ቀን ጠበቀ። ማንበብ የማይችሉት እማማ ግን በሦስት ቃላት፣ በእዥ፣ በመግልና በመርቅዟል፣ ነገሩን ለይተው ቤተሰቡን ከተቀመጠበት አስነሡት። ሦስቱም ቃላት አማርኛ ናቸው፤ በወረቀቱ ላይ ግን አንዳቸውም አልነበሩም። ስለ ሙያ ቃላት ትርጉም ለረዥም ጊዜ ስንከራከር የኖርነውን ያህል፣ ይህ ገጠመኝ የክርክራችንን መመዘኛ እንድንመረምር አስገድዶናል።

2. «ኢንፌክሽን»፣ «ብክለት»፣ «ልክፍት»

ስለ «ኢንፌክሽን» ስንናገር የባዕድ ቃል በመሆኑ ብቻ የምንነቅፈው አይደለም። ካዛንቺስ የሚለው የሠፈሩ ስም ራሱ በ1928 እና በ1933 ዓ.ም. መካከል በነበረው የጣልያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅት የተወረሰ ነው፤ «ካዛ ኢንቺስ» የሚለውን የጣልያንኛ ቤትና ምኅጻረ ቃል ሕዝቡ አጣብቆ በራሱ አንደበት አለዘበው። ማንም አካዳሚ አልተረጎመውም፤ ማንም አልተቸገረበትም። ስለዚህ ውሰት ለአማርኛ ነውር አይደለም።

ነገር ግን የቦታ ስም የሚጠበቅበት ወደ ቦታው ማመልከት ብቻ ነው። ለሕመምተኛ በሚሰጥ ወረቀት ላይ ያለ ቃል ግን አንባቢው በዓይኑ የሚያየውን ነገር ከወረቀቱ ጋር እንዲያገናኝና አንድ ነገር እንዲያደርግ ይጠበቅበታል። «ኢንፌክሽን» በአዲስ አበባ የማይታወቅ ቃል አይደለም፤ ሁሉም ሰምቶታል። ችግሩ የሐኪም ፍርድ ስም ሆኖ መታወቁ ነው። የጎረቤታችን ባል «የሚያውቀው ሐኪም ነው» ያለው ቃሉ ስላልገባው ሳይሆን እንዲያውም በሚገባ ስለገባው ነው። ቃሉ የላቦራቶሪና የመነጽር ሽታ ስላለው፣ ተራ ሰው በገዛ ዓይኑ አይቶ «ይህ ኢንፌክሽን ነው» ለማለት ድፍረት አያገኝም።

ይህን የተረዱ አንዳንድ ተርጓሚዎች «ብክለት» የሚለውን ቃል በምትኩ ያስገባሉ። ይህ ግን ከውሰቱ የባሰ ስሕተት ነው። መበከል ተሐዋስያን በአንድ ነገር ላይ መገኘታቸውን ሲያመለክት፣ ኢንፌክሽን ደግሞ ወደ ሕያው አካል ገብተው መራባታቸውንና ጉዳት ማድረሳቸውን ያመለክታል። የቀዶ ጥገና ሐኪሞች ቁስልን በአራት ደረጃ ይከፍሉታል፤ ንጹሕ፣ ንጹሕ ሆኖ በመጠኑ ለብክለት የተጋለጠ፣ የተበከለና ቆሻሻ። ሦስተኛው ደረጃ ቁስሉ ገና ኢንፌክሽን ሳይዘው ተሐዋስያን የደረሱበት መሆኑን ያመለክታል። «ብክለት»ን ለኢንፌክሽን ከሰጠነው ለዚህ ደረጃ ምን ስም እናገኝለታለን? አንድን ቃል ለሁለት ጽንሰ ሐሳብ ማዋል በሥነ ጽሑፍ ቅኔ ሊሆን ይችላል፤ በሕክምና ግን አደጋ ነው።

«ልክፍት» ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። «ለከፈ» ከሚለው ግስ መውጣቱ ለስያሜ አመቺ ቢያስመስለውም፣ ሕዝቡ «ልክፍት» ሲል የሚያስበው ዛርን፣ ጋኔንንና የማይለቅ አባዜን ነው። ልክፍት አለበት የተባለ ሕመምተኛ ወደ ሐኪም ከመሄድ ይልቅ ወደ ሌላ መፍትሔ ቢያዘነብል ልንፈርድበት አይገባም፤ መንገዱን ያሳየነው እኛ ነን።

እንግዲህ የቀረው እማማ ያሉት ቃል ነው። «መረቀዘ» ወይም «አመረቀዘ» የሚለው ግስ በትክክል ቁስልን ይመለከታል፤ ከመሻር ይልቅ ወደ መክፋት፣ መግል ወደ መያዝና ወደ መጠዝጠዝ የሄደን ቁስል ይገልጻል። የእርባታው መንገድም ክፍት ነው፤ «መመርቀዝ» ድርጊቱን፣ «ምርቀዛ» ደግሞ በ«ምርመራ» አምሳል ሁኔታውን ሊሰይሙ ይችላሉ። ተቃራኒዎቹ «መጥገግ» እና «መሻር» ከጎኑ ስላሉ ቃሉ ብቻውን አይቆምም፤ ከነቤተሰቡ የሚገኝ ቃል ነው። በአገራችን የስያሜ ሥራ የቆየው ልማድ በመጀመሪያ በአማርኛ ውስጥ መፈለግ፣ ካልተገኘም ወደ ግዕዝና ወደ ሌሎች የኢትዮጵያ ቋንቋዎች መሄድ፣ በመጨረሻ ከባዕድ መዋስ ነው። በዚህ ጉዳይ ግን መጀመሪያውን ደረጃ ዘልለን መጨረሻው ላይ እንደወደቅን ማመን አለብን።

ከዚሁ ጋር «ተሐዋስያን» የሚለውን ቃል አጻጻፍ ማንሣት ይገባናል። «ተህዋስያን»፣ «ተዋህስያን»፣ «ተዋስያን» እየተባለ በየጽሑፉ ሲለዋወጥ እናየዋለን። ቃሉ መንቀሳቀስን ከሚያመለክተው የግዕዝ ሥር የተገኘ ነውና የ«ሐ»ን ቦታ ማዛወር ወይም ፊደሉን መጣል ሥሩን ያጠፋዋል። አንድ ዓይነት አጻጻፍ መወሰን ከማንም በፊት የእኛ ግዴታ ነው።

3. «ፈሳሽ» እና «መቅላት»

ከቀዶ ጥገና በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከቁስሉ ጥቂት ቀጭን፣ ጥርት ያለ ወይም ቀላ ያለ ውኃ መሰል ነገር መውጣቱ ብዙ ጊዜ የመዳን ሂደት አካል ነው። ወፍራም፣ የደፈረሰ፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ መልክ ያለውና የሚከረፋ ነገር ሲወጣ ግን የመመርቀዝ ምልክት ነው። አማርኛ የመጀመሪያውን «እዥ»፣ ሁለተኛውን «መግል» ብሎ ለይቷቸዋል። ወረቀቱ ሁለቱንም «ፈሳሽ» በሚል አንድ ቃል ሲጠቀልላቸው፣ ቋንቋው የሠራውን ልዩነት ተርጓሚው አፈረሰው ማለት ነው። «ያልተለመደ» የሚለው ቅጽልም አይረዳም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሰው የተለመደው ምን እንደሆነ ከየት ያውቃል?

«መቅላት» ደግሞ በቃል በቃል ትርጉም ላይ ሊነሡ ከሚገባቸው ዋነኛ ምሳሌዎች አንዱ ነው። ሮማዊው ጸሐፊ ኬልሱስ በ1ኛው ክፍለ ዘመን የመቆጣት ምልክቶችን መቅላት፣ ማበጥ፣ ማተኮስና መታመም ብሎ ከዘረዘረ ወዲህ፣ ይህ ዝርዝር ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲገለበጥ እስከ እኛ ደርሷል። በጠይም ወይም በጥቁር ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ በግልጽ ላይታይ ይችላል፤ ቁስሉ ዙሪያ ከቀድሞው ይልቅ የጠቆረ ወይም ወይን ጠጅ የመሰለ ሆኖ ሊታይ ይችላል። «ቆዳው ከቀላ» የሚለውን ብቻ ያነበበች የቂርቆስ እናት የልጇን ቁስል አይታ «አልቀላም» ብላ ልትተወው ትችላለች። ስለዚህ «በቁስሉ ዙሪያ ያለው ቆዳ መልኩ ከተለወጠ፣ ከቀላ ወይም ከጠቆረ፣ በእጅ ሲነካም ካተኮሰ» ብሎ መጻፍ ትርጉሙን ማስረዘም ሳይሆን ትርጉሙን ለአገሩ ሰው ማድረስ ነው።

4. የመከላከል ቃላት፤ መላጨት፣ ማምከን፣ መከላከያ

እስካሁን ያነሣነው ምልክትን ስለ ማወቅ ነው። በመከላከሉ በኩል የሚታየው የቃላት ጉድለት ደግሞ በዋነኛነት ለጤና ባለሙያዎች በሚተረጎሙት መመሪያዎች ላይ ይገኛል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣውና በ2018 ባሻሻለው የቀዶ ጥገና ኢንፌክሽን መከላከያ መመሪያ፣ በሚቀደደው ቦታ ያለ ፀጉር እንዲሁ እንዲተው፣ የግድ ከሆነም እንዲከረከም እንጂ በምላጭ እንዳይላጭ አጥብቆ ይመክራል፤ ምላጭ በዓይን የማይታዩ ጭረቶችን ስለሚፈጥር ለተሐዋስያን በር ይከፍታል። አማርኛ «መላጨት»ን ከ«መከርከም» በሚገባ ይለያል። ሆኖም «ፀጉርን ማስወገድ» የሚለውን ሐረግ ሁሉ በ«መላጨት» የሚተረጉም ሰው ምክሩን ገልብጦ ያስቀምጠዋል፤ የተከለከለው ነገር የታዘዘ ይሆናል።

«ማምከን» ሁለተኛው ነው። መሣሪያን ከማናቸውም ሕያው ተሐዋስ ነጻ ማድረግን የሚገልጽ የታወቀ የሙያ ቃል ስለሆነ ይሻር አንልም፤ ፈንጂ ማምከን እንደሚባለውም ኃይልን ከንቱ ማድረግን በሚገባ ያመለክታል። ነገር ግን ሥሩ «መከነ» ነውና በማዋለጃ ክፍል ውስጥ ጥንቃቄ ይሻል። «የማምከን ክፍል» የሚል ጽሑፍ በር ላይ የምታነብ ነፍሰ ጡር ምን ሊታሰባት እንደሚችል መገመት አያዳግትም። «የመሣሪያ ማምከኛ» ብሎ አንድ ቃል መጨመር ይህን ይፈታዋል። በሌላ በኩል «ንጹሕ» የሚለው ቃል ታጥቦ ለጠዳውም ለመከነውም ነገር ስለሚያገለግል፣ «ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ይሸፍኑ» የሚል ትእዛዝ የታጠበ ነጠላን አይከለክልም። የታሰበው የታሸገ ፋሻ ከሆነ፣ «ከፋርማሲ የተገዛ፣ ማሸጊያው ያልተከፈተ ፋሻ» ማለት ይሻላል።

ሦስተኛው «የመከላከያ መድኃኒት» የሚለው ነው። ያው መመሪያ፣ ፀረ ተሐዋስያን መድኃኒት የሚያስፈልገው ቀዶ ጥገና በሆነ ጊዜ መድኃኒቱ ከመቀደዱ በፊት ባሉት 120 ደቂቃዎች ውስጥ እንዲሰጥ፣ ቀዶ ጥገናው ካለቀ በኋላ ግን ለመከላከል ሲባል ብቻ እንዳይራዘም ይመክራል። «መከላከያ» የሚለው ቃል ጊዜውን ስለማይነግር፣ ቤተሰቡ «ታዲያ ለምን ለቤትም አልተሰጠንም?» ብሎ ከመድኃኒት ቤት ሊገዛ ይችላል፤ እንዲህ ያለው አወሳሰድ ተሐዋስያን መድኃኒቱን እንዲለምዱት ያደርጋል። «ቅድመ ቅድ መድኃኒት» ብንለው ስያሜው ራሱ ጊዜውን ይናገራል።

እነዚህ ጥቃቅን የሚመስሉ ነገሮች ሲሰበሰቡ ምን ያህል ክብደት እንዳላቸው በአገራችን ታይቷል። ላይፍቦክስ የተባለው ድርጅት «ክሊን ከት» በሚል ስም በአምስት የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ያካሄደው ሥራ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመው ውጤቱ፣ የቀዶ ጥገና ኢንፌክሽንን አደጋ በ35 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ሥራው ያተኮረው በውድ መሣሪያ ላይ አልነበረም፤ በእጅና በቆዳ ንጽሕና፣ በጋውንና በመሸፈኛ ጨርቅ ደኅንነት፣ በመሣሪያ ማምከን፣ በመድኃኒቱ ሰዓት፣ በጎዝ ቆጠራና የጥንቃቄ ዝርዝሩን በተግባር በማዋል ላይ ነበር። እያንዳንዳቸው ሰዎች እርስ በርስ ተነጋግረው የሚፈጽሟቸው ተግባሮች ናቸው፤ ንግግሩ ትክክል ካልሆነ ተግባሩም ይጎድላል።

5. «ውስብስብ ችግር» እና «ደም መመረዝ»

«ውስብስብ ችግር» በፈረንጅኛው ቃል ላይ የተጣለ ጥላ ነው። በአማርኛ ውስብስብ የሚባለው የተጠላለፈ፣ ለመፍታት የሚያስቸግር ነገር ነው። በሕክምና የታሰበው ግን የመጀመሪያውን ሕመም ወይም ሕክምና ተከትሎ የሚመጣ ሌላ ጉዳት ነው፤ መድማት፣ የስፌት መፈታት፣ በእግር ደም ሥር ውስጥ የደም መርጋት፣ የሳንባ ምች የመሳሰለው። አንዳንዶቹም ፈጽሞ ያልተወሳሰቡ፣ በቶሎ ከተደረሰባቸው በቀላሉ የሚድኑ ናቸው። «ውስብስብ» የሚለው ቅጽል ቀላሉን ነገር ትቶ ከባዱን እንድንጠብቅ ያደርጋል።

ሕዝቡ በዚህ ስፍራ «መዘዝ» ይላል፤ ተከትሎ የሚመጣ ጣጣን በትክክል ይገልጻል። ሆኖም መዘዝ ያመጣው ሰው ይፈለጋልና በሐኪምና በሕመምተኛ መካከል ወቀሳን ይዘራል። ስለዚህ «ተከታይ ጉዳት» የሚለውን እንመርጣለን። ከሁሉ የሚሻለው ግን በወረቀቱ ላይ ጥቅሉን ስም ትቶ ጉዳቶቹን በየስማቸው መጥራት ነው፤ «አንዱ ባትዎ ካበጠና ካመምዎ፣ በድንገት ትንፋሽ ካጠረዎ» ከሚለው የበለጠ ግልጽ ስያሜ የለም።

«ደም መመረዝ» ለሴፕሲስ የተለመደ ስያሜ ነው። ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2016 በተስማሙበት ብያኔ መሠረት፣ ሴፕሲስ ሰውነት ለኢንፌክሽን የሚሰጠው ምላሽ ከሥርዓት ወጥቶ የገዛ አካሉን ሲጎዳና ሕይወትን ለአደጋ ሲያጋልጥ የሚከሠት ነው። እንግዲህ ጉዳቱ በደም ላይ ብቻ አይደለም፤ መርዝም የለበትም። ከዚህም በላይ «ተመረዘ» የተባለ ሰው ዘመዶች «ማን መረዘው?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። በባለሙያ ጽሑፍ «ሴፕሲስ»ን እንዳለ መያዝ፣ በሕመምተኛ ወረቀት ላይ ግን ምልክቶቹን፣ ብርድ ብርድ ማለትን፣ መንቀጥቀጥን፣ የትንፋሽ መፍጠንን፣ መዘባረቅን፣ ሽንት ማነስን፣ መዘርዘር ይሻላል።

6. ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከሐኪሞች የሚነሣ ነው፤ «መረቀዘ» በዓይን ለሚታይ ቁስል ብቻ ያገለግላል፣ በሆድ ዕቃ ወይም በአጥንት ውስጥ ላለው አይሆንም ሊሉ ይችላሉ። ልክ ናቸው። የሕክምናው ብያኔም የቀዶ ጥገና ኢንፌክሽንን የላይኛው የቅድ ክፍል፣ የጥልቁ የቅድ ክፍልና የውስጥ አካል ብሎ በሦስት ይለየዋል። ስለዚህ «ኢንፌክሽን» ለጥቅሉ ጽንሰ ሐሳብ የባለሙያ ቃል ሆኖ ይቆይ፤ «የቁስል መመርቀዝ» ደግሞ ለሚታየው ይሁን፤ የማይታየው በትኩሳትና በሕመም መባባስ ይገለጽ። የምንቃወመው ጥቅሉ ስም የሚታየውን ነገር ስም እንዲውጠው ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የባህል ነው። የሕዝቡ ቃላት የሕዝቡን አስተሳሰብ ይዘው ይመጣሉ፤ ቁስል የሚከፋው በሽታ፣ በምች ወይም በዓይን ነው የሚል እምነት አብሮ ይገባል ይባላል። ይህን ስንመዝነው ግን ቃሉ ከእምነቱ እንደሚለይ እናያለን። «መረቀዘ» ቁስሉ ምን እንደሆነ እንጂ ለምን እንደሆነ አይናገርም። «ሴፕሲስ» ራሱ በጥንቱ ግሪክኛ መበስበስን የሚያመለክት፣ ተሐዋስያን ከመታወቃቸው በብዙ ዘመን የቀደመ ቃል ነው፤ ሳይንስ ቃሉን ሳይጥል ዕውቀቱን አድሶበታል።

ሦስተኛው ከሁሉ የከበደ ነው። ዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል በሚገኝበት በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ እንደ መላዋ አዲስ አበባ ሁሉ፣ የሕመምተኛው የአፍ መፍቻ ቋንቋ ሁልጊዜ አማርኛ አይደለም። አማርኛውም ቢሆን ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከወሎና ከሸዋ የመጣው ሰው ለአንድ ነገር የተለያየ ቃል ሊኖረው ይችላል። ለዚህ ያለን መልስ አንድ ነው፤ እዚህ ያቀረብነው የቃላት ዝርዝር ሳይሆን የአሠራር መንገድ ነው። በኦሮምኛም ሆነ በጉራጊኛ ለቁስል መክፋት ቃል ያላቸው እናቶች አሉ፤ ተርጓሚው ከመዝገበ ቃላት በፊት እነርሱን ይጠይቅ።

7. የምናቀርበው ሐሳብ

ለሕመምተኛ የሚሰጠው ወረቀት እንዲህ ቢጻፍ ይሻላል እንላለን፤

«በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከቁስሉ ጥቂት ቀጭን እዥ ሊወጣ ይችላል። መግል ከያዘ፣ ከከረፋ፣ ሕመሙ ቀን በቀን መቀነሱ ቀርቶ ከጠዘጠዘ፣ ዙሪያው ካበጠ ወይም ካተኮሰ፣ መልኩ ከቀላ ወይም ከጠቆረ፣ ስፌቱ ከተፈታ፣ ቁስሉ እየመረቀዘ ሊሆን ይችላል። ትኩሳትዎ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ወይም ብርድ ብርድ ካለዎ ደግሞ ቁስሉ ደኅና ቢመስልም እንኳ ያስጠነቅቃል። ከእነዚህ አንዱን ካዩ ቀጠሮዎን ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ይምጡ። ቁስሉን ከመንካትዎ በፊት እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ ቅቤ፣ ቅጠል ወይም ያልታዘዘ ዱቄት አያድርጉበት።»

ጽሑፉ ሳይታተም በፊት አንድ ሐኪም ለትክክለኛነቱ፣ አንድ የቋንቋ ባለሙያ ለአገላለጹ እንዲያዩት ማድረግ የተለመደ ነው። በሦስተኛ ደረጃ ደግሞ በተመላላሽ ክፍል ተራ ለሚጠብቁ ጥቂት ሰዎች፣ በተለይም ቤት ውስጥ ቁስል ለሚያጥቡና አራስ ለሚያርሱ እናቶች፣ ጮክ ተብሎ ይነበብላቸውና «ይህን ብታዩ ምን ታደርጋላችሁ?» ተብለው ይጠየቁ። መልሳቸው «ሐኪም ያውቃል፣ ቀጠሮውን እንጠብቃለን» ከሆነ ወረቀቱ ወደ ተርጓሚው ይመለስ። ባልደረቦቻችን በየሚሠሩበት አካባቢ ስለ ቁስል የሚነገሩ ቃላትን ከነአገባባቸውና ከነአገራቸው ሰብስበው ለዝግጅት ክፍሉ ቢልኩልን፣ በሚቀጥለው ጊዜ ከአንድ እማማ አንደበት ሳይሆን ከብዙዎች የተገኘ ዝርዝር ለማቅረብ እንችላለን።